የሐሚድ ማንጎና የእኔ ጆሮ

ለምን ሥራ አቆምሽ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እጄን ያያል። ይህን ሁሉ ዓመት ግሪስና ዘይት ውስጥ የኖረ እጅ ደክሞ ይሆናል ብሎ ነው። እጄ ደህና ነው። ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ የሞተሪኖ ብሎን እፈታለሁ። የከዳኝ ጆሮዬ ነው። ሲከዳኝ ደግሞ እኔን ብቻ አልጎዳም፤ ሐሚድ የሚባል የበርታ ሰው ከመንደሩ ሴቶች በአደራ ተቀብሎ የጫነውን ማንጎ አበሰበሰበት፣ በመንደሩ ያለውን ስምም አብሮ ሊወስድበት ነበር። ይህን ልነግራችሁ ነው የተቀመጥኩት። ግን እኔ ነገር ከመሃል መጀመር አልችልበትም፤ ትንሽ ታገሱኝ።

ሞተሪኖ ማለት ቁልፍ ስታዞሩ ትልቁን ሞተር ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ትንሹ ሞተር ነው። እኔ በዓይኔ ከማየቴ ሁለት ዓመት በፊት በጆሮዬ አውቀው ነበር።

ከወለጋ፣ ከመንዲ በኩል፣ ሁለት ልጆቼን ይዤ አሶሳ ስገባ የጀመርኩት ሻይና ቦንቦሊኖ መሸጥ ነው። የሻይ ቤቴ አንዱ ግድግዳ የጋራዡ የቆርቆሮ አጥር ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ያለውን አላይም፤ ሁሉንም ግን እሰማለሁ። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ደብድቦ ደብድቦ ሲያባራ፣ ከተማው አሁን ከውሃ የወጣ ይመስል ጸጥ ይላል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ ሰው ቁልፍ ያዞራል። «ጠቅ።» ከዚያ ምንም። እኔ ቦንቦሊኖ እያገላበጥኩ እጠብቃለሁ። ቀጥሎ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ፣ በወሎ ቅላጼ፣ «ካርቦኑ ነው፤ እስቲ መታ መታ አድርገው» ይላል። ብረት በብረት ይመታል። ቁልፉ እንደገና ይዞራል፤ መኪናው ይነሣል።

ሌላ ጊዜ «ጠጠጠጠጠ» ይላል፣ ዶሮ ቆርቆሮ ላይ የተበተነ ጥሬ ስትለቅም እንደሚሰማው። ሽማግሌው «የባትሪውን ራስ እዩ» ይላል። አንዳንዴ «ዝዝዝዝ» ብሎ ባዶውን ይሽከረከራል፤ ያን ጊዜ ጥርሱ አልያዘም ይባላል። አንዳንዴ ደግሞ የሚሰማ ነገር የለም። ያን ጊዜ ሽማግሌውም አብሮ ዝም ይላል፣ ቆይቶ «ከቁልፉ የሚመጣውን ሽቦ ተከተሉ» ይላል። እኔ ሻይ እቀዳለሁ፣ ድምፁንና ቃሉን አጣምሬ አስቀምጣለሁ። ለምን እንደማስቀምጠው አላውቅም። ሰው ዘፈን ሳያስበው እንደሚይዘው ነው።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ መኪና «ጠቅ» አለና ዝም አለ። ከወዲያ ሰዎቹ ይከራከራሉ። እኔ ሳላስበው በአጥሩ ላይ «ካርቦኑ ነዋ» አልኩ። ክርክሩ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ ሽማግሌው፣ ጋሽ ይመር ይባላሉ፣ የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ዞረው መጡ።

«ካርቦን ያለው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ካርቦን ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። እንደዚህ ሲል ግን እናንተ ሁልጊዜ ካርቦን ነው ትላላችሁ።»

ሳቁ። ስቀው ሲጨርሱ ግን ሳቃቸው ፊታቸው ላይ አልቀረም፤ ብርጭቆውን አስቀመጡና «ነይ እንግዲህ፤ ያወቅሽውን እይው» አሉኝ። ጥቁር፣ አውራ ጣት የምታህል ድንጋይ መሳይ ነገር መዳፌ ላይ አኖሩ። እየተሽከረከረ ባለው መዳብ ላይ ተደግፋ መብራቱን የምታስተላልፍ እሷ ናት። መኪናው ብዙ ኪሎ ሜትር በሄደ ቁጥር እንደ ሳሙና እያለቀች ትሄዳለች፤ አንድ ቀን መዳቡ ላይ መድረስ ያቅታታል። ሲመቷት ትንሽ ትጠጋና ለሁለት ሦስት ቀን ትሠራለች፣ እንደገና ትርቃለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ስሰማት የኖርኩት ይህች ናት። በጣም ትንሽ ነበረች።

ጋሽ ይመር በሰፈራው ጊዜ ከወሎ ፓዌ መጥተው ትራክተር ሲጠግኑ የኖሩ፣ ኋላ አሶሳ የገቡ ሰው ናቸው። የትኛውም ትምህርት ቤት አላስተማራቸውም፤ እኔንም ከእሳቸውና ከጆሮዬ በቀር ማንም አላስተማረኝም። ልማዳቸው እንዲህ ነበር፦ ባለመኪናው ችግሩን እስኪያወራ አይጠብቁም፤ «ስትነሣ እንዴት ትላለች? በአፍህ በላት» ይሉታል። የዩኒቨርሲቲ መምህሩ ያፍራል፣ ዙሪያውን ያያል፣ ከዚያ ከንፈሩን አሞጥሙጦ «ጠጠጠጠ» ይላል። የበርታ ነጋዴው፣ የሺናሻ ሾፌሩ፣ ከባምባሲ የመጣው ገበሬ፣ አማርኛው የሚያጥረውም የማያጥረውም፣ ሁሉም እዚያች ላይ እኩል ይሆናል። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ከዚያም ቢሆን ቶሎ ወደ ሞተሪኖው አይሄዱም። መጀመሪያ ቁልፉን ካዞሩ በኋላ የባትሪውን ሁለት ራሶች፣ ሽቦው የሚታሰርባቸውን፣ በእጃቸው ጀርባ ይነካሉ፤ የላላው ይሞቃል። ቀጥሎ የፊት መብራት አብርተው ቁልፍ ያዞራሉ፤ መብራቱ ደከም ካለ ሞተሪኖው እየታገለ ነው፣ ጭራሽ ከጠፋ ባትሪው ወይም የባትሪው ራስ ነው፣ ምንም ካልመሰለው ኤሌክትሪኩ ወደ ሞተሪኖው እየደረሰ አይደለም። ሞተሪኖ የሚፈታው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሲፈታ ነጭ ጨርቅ ያነጥፋሉ፣ ብሎኖቹን በተፈቱበት ተራ ከግራ ወደ ቀኝ ይደረድራሉ፤ ያንን ጨርቅ የተሻገረ ሰው የዚያን ቀን ሰላምታቸውን አያገኝም።

እንዲህ እያልኩ ሻዩን ተከትላኝ ለመጣችው እህቴ ተውኩና ካቻቢቴ ያዝኩ። መጀመሪያ ሰዎች ሊያዩኝ ይመጡ ነበር። ኋላ መኪናቸውን ይዘው መጡ።

በመካከሉ በአንድ የስደተኞች ጣቢያ ከአንድ የእርዳታ ድርጅት መኪኖች ጋር ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። አለቃዬ አንድ ብሎን ለመለወጥ ሦስት ፊርማ የሚጠይቅ፣ ሸሚዙ በዚያ ሁሉ አቧራ የማይቆሽሽ ሰው ነበር። ክፉ አልነበረም፤ ወረቀት ያምን ነበር። ደሞዙም ደህና ነበር። ከዚያ ዘመን የቀረልኝ ግን ንጋቱ ነው። ጭጋጉ ሣሩ ላይ ተኝቶ፣ እኔም አልጋዬ ላይ ተኝቼ፣ መኪኖቹ አንድ በአንድ ሲነሡ እሰማለሁ። ልክ ስም እንደሚጠራ ነው። አምስተኛው ዛሬ ዘገየ፤ ማሳው፣ ማለት ከባትሪ ወደ መኪናው አካል የሚሄደው ሽቦ፣ ዝጓል እላለሁ። ተነሥቼ ሳየው ዝጎ አገኘዋለሁ። ያኔ ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ዓለም ሁሉ በጆሮዬ በኩል የምታልፍ ይመስለኝ ነበር።

ማንቡክም አንድ በጋ ከመንገድ ሥራ ተቋራጭ ጋር ነበርኩ። እዚያ አንድ የጉሙዝ ሾፌር አሮጌ የጭነት መኪና ይዞ መጣና «እሱ መኪና ጠዋት ጥሩ ነው። ቀን እምቢ አለች። ማታ ደግሞ ይነሣል» አለኝ። ሰዎቹ ሳቁ፣ እሱም አብሮ ሳቀ። ግን ከዚያ የተሻለ ማንም ሊነግረኝ አይችልም ነበር። ሲሞቅ ነው እምቢ የሚለው። በቀትር ሄጄ አዳመጥኩት፤ «ዋ… ዋ… ዋ…» ይላል፣ ውሃ ውስጥ እንደሚራመድ ሰው። ፈታሁት። የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚይዘው የነሐስ ቀለበት በዕድሜ ብዛት ተበልቶ፣ ዘንጉ ተንጋዶ፣ ሲግል ግድግዳውን ይፈትግ ነበር። ለጋሽ ይመር መልእክት ላክሁ፤ ያን ጊዜ ወደ ፓዌ ተመልሰው ነበር። በአራተኛው ቀን በአንድ መንገደኛ እጅ፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ቀለበት መጣልኝ። ያለ እሳቸው የጨረስኩት የመጀመሪያ ሥራዬ ያ ነው። ከዚያ ስመለስ «ጫልቱ ሞተሪኖ» የሚል ስም አስከትዬ ተመለስኩ፤ ልጆቼ እንኳ ሲበሽቁብኝ በእሱ ነበር የሚጠሩኝ።

ከዚያ በአሶሳ መውጫ፣ በባምባሲ መንገድ ላይ የራሴን ሥራ ቤት ከፈትኩ። ተስፋዬ የሚባል የሁለት ልጆች አባት አብሮኝ ይሠራ ነበር፤ ካቻቢቴ እንዴት እንደሚያዝ ያሳየሁት እኔ ነኝ፣ ዐሥር ዓመት አብረን ሠርተናል።

አሁን ወደ ጆሮዬ ልምጣ። አንድ ዓመት ወፎቹ አሶሳን ለቀው የሄዱ መሰለኝ። ከሥራ ቤቴ ደጅ ባለው የማንጎ ዛፍ ላይ ሲንጫጩ ነበር የሚያነጉት፤ ያን ዓመት ዛፉ ዝም አለ። ጸጥታው ደስ አለኝ። ሰው ሁሉ ረጋ ያለ፣ ነገር ሁሉ ከሩቅ የሚመጣ፣ ቀኑ በጥጥ የተጠቀለለ መሰለኝ። ዕድሜ እንዲህ ከሆነ መልካም ነው ብዬ አሰብኩ። ለካ ቀጫጭኑ ድምፅ ቀድሞ እየሄደ ኖሯል። የከባድ መኪና ሞተር፣ የወንዶች ወሬ፣ ነጎድጓድ፣ ሁሉም አለ። ቀጭኑ ብቻ የለም። የሄደ ነገር ደግሞ ሄድኩ አይልም።

ሚያዝያ ላይ ነው፣ በሐሙስ ቀትር። ሐሚድ ከሥራ ቤቴ አጠገብ ካለው መስጊድ ሊሰግድ መኪናውን አጠፋ። አሮጌ ፒክአፕ ነው፤ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው እንኳ ከደከመው ቆይቷል። ጭነቱ ማንጎ ነው፣ እስከ አፉ። ሰግዶ ሲወጣ አልነሣ አለው። ወደ እኔ መጣና ሰላምታ ሰጥቶ «እናቴ፣ መኪናው ትንሽ ታመመች» አለኝ። ነገሩን በአጭሩ ነገረኝ። እስከ አምና የመንደሩን ማንጎ የሚወስደው ከሌላ አገር የሚመጣ ነጋዴ ነበር። ዘንድሮ ሐሚድ ሴቶቹን ለምኖ፣ ከከተማው ወዲያ ጫፍ ለቆመው ትልቅ መኪና እኔ አደርሳለሁ ብሎ፣ የመጀመሪያውን ለቀማ አምነው ሰጡት። ትልቁ መኪና ፀሐይ ሳትጠልቅ ይነሣል። ይህ ከደረሰ የቀረውንም ለቀማ ይሰጡታል። ካልደረሰ ወደ ነጋዴው ይመለሳሉ፤ እሱም በዚያ መንደር ጭነት የሚባል አያይም።

የሞተሩን መከለያ ከፈትኩ። «አዙረው» አልኩት። አንገቴን ዘንበል አድርጌ አዳመጥኩ። ምንም።

«ምንም ድምፅ የለውም» አልኩ።

ሐሚድ ቀና ብሎ አየኝ። አፉን ከፈተ። ዘጋው። እኔ ያንን አየሁና ለጭነቱ የተጨነቀ መሰለኝ።

ጋሽ ይመር ቢሆኑ በአፍህ በላት ይሉት ነበር። የባትሪውን ራስ ይነኩ ነበር። እኔ ግን ድምፅ የለም ብያለሁ፤ ድምፅ ከሌለ የቁልፍ ሽቦ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያልዋሸኝን ጆሮ በእጄ ጀርባ ላጣራው? የመሪውን ሥር ፈታሁ፣ ሽቦውን ተከተልኩ። በመፈተሻ አምፖል ስነካው አንዴ ይበራል አንዴ ይጠፋል። ውስጥ ለውስጥ ተቆርጧል አልኩ። ሰዎች ገፍተን እናስነሣለት ብለው መጡ፤ እኔ ከለከልኩ። እየተገፋ እስከ መቼ፣ ሥሩን ላውጣለት አልኩ። ባለጋሪዎች መጡ፤ ጭነቱን እናመላልስለት አሉ። ሐሚድ ወደ እኔ ዞረ። «አንድ ሰዓት ብቻ» አልኩት። ባለጋሪዎቹን መለሳቸው። መኪናውን ለእኔ ሰጥቶ ሳለ ጭነቱን ማውረድ አላምንሽም ማለት መስሎታል።

የከሰዓቱ ሙቀት ማንጎውን ከልክ በላይ ያበስለው ጀመር። ሽታው መጀመሪያ ቀጭን፣ ኋላ እንደ ማር ከባድ ሆነ። እኔ በጀርባዬ ተኝቼ፣ በዚያ ሽታ ውስጥ ሽቦ እየቀየርኩ፣ ደስ የሚል እንቅልፍ ውስጥ ያለሁ ይመስለኝ ነበር። ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ምድሩ ተንቀጠቀጠ። ትልቁ መኪና ሸራውን ጠፍሮ በእኛው ደጅ፣ በባምባሲ መንገድ አለፈ። ሐሚድ ቆሞ አቧራው እስኪረግፍ አየው። «ኸይር ነው» አለ።

በማግስቱ ስሠራ ተስፋዬ መጣ፤ ባምባሲ ለቅሶ ሄዶ ነበር። ሐሚድ ቁልፉን ሲያዞር ተስፋዬ ገና ከበሩ እየገባ ነው።

«ባትሪ ናት» አለ።

«ምን አልክ?»

«የባትሪዋ ራስ ነው፣ እትዬ ጫልቱ። ጠጠጠጠ እያለች እኮ ነው።»

«አትልም» አልኩ። ሁለቱ ተያዩ። ያንን መተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ወደ ሐሚድ ዞርኩ። «ትላለች?»

መሬት መሬት እያየ «ትላለች፣ እናቴ» አለ።

«ከትናንት ጀምሮ?»

«ከትናንት ጀምሮ። አንቺ ድምፅ የለም ስትይ፣ እኔ የማልሰማው ሌላ ድምፅ አለ፣ እሱን ነው የምትፈልጊው አልኩ።»

ተስፋዬ የባትሪውን ራስ ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገና አጠበቀው። የተቀዳልኝ ሻይ ሳይቀዘቅዝ መኪናው ተነሣ። አነሣሡን ሰማሁት፤ ወፍራም ድምፅ ነውና። ተስፋዬ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ፣ ድፍን ዓመት ከእኔ ቀድሞ «ይቺ ጠጠጠ ትላለች መሰለኝ» እያለ ሲደግፈኝ እንደኖረ ነገረኝ። ለምን ደበቅከኝ አላልኩትም። ደብቆኝ አልነበረም፤ ሸፍኖኝ ነው። እኔ ግን መሸፈኔን ሳላውቅ የሰው አደራ ተቀበልኩ።

ማንጎው የተረፈው ለሚያልፍ ሰው ተሰጠ፣ የቀረው ለፍየል ሆነ፣ ሌላው ንብ ወርሮት ተደፋ። ሐሚድ ባዶውን መኪና አጥቦ ተቀመጠ እንጂ ወደ አገሩ አልነሣም። ምን ብዬ እገባለሁ ነው። ገና ግማሹ ማንጎ ዛፍ ላይ ነው፤ ሴቶቹ ለማን እንደሚሰጡት የሚቆርጡት እሱ ሲመለስ በሚናገረው ነው። «አብሬህ እሄዳለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን እኔ እነግራቸዋለሁ» አልኩት። አይሆንም አለ። ቀድሜ መኪናው ውስጥ ገባሁ።

መንደሩ ከባምባሲ ወዲያ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ ነው። ሴቶቹ ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። የሚሰሙት ሐጃ ዘይነብ የሚባሉትን አሮጊት ነው። እኔ በርታኛ ከሰላምታ አያልፍልኝም፤ እሳቸው አማርኛ አይሰሙም። ስለዚህ እኔ ተናገርኩ፣ ሐሚድ ሊያስተረጉምልኝ ቆመ። ስለ ጆሮዬ ነገርኳቸው። ባለጋሪዎቹን ያስመለስኩ እኔ ነኝ አልኩ። ረጅም ተናገርኩ። ሐሚድ ሦስት ቃል ብቻ ተናገረ።

«ምን አልካቸው?»

«መኪናዬ ተበላሸ አልኳቸው።»

እሱም ደግሞ ሊሸፍነኝ ነው። ከሴቶቹ አንዷ ባምባሲ ገበያ የምትውል ናት፤ ኦሮምኛ ትችል እንደሆነ ጠየቅኋት፣ ትችላለች። በእናቴ ቋንቋ ከመጀመሪያ ጀምሬ ነገርኳት፤ እሷም ምንም ሳታስቀር ለሐጃ አደረሰች። ሐሚድ አንገቱን ደፋ።

ሐጃ ዘይነብ ቀና ብለው ዛፉን አዩ። ቅጠሉ ይወዛወዛል፣ ማንጎዎቹ በረጅም ክራቸው ተንጠልጥለው ቀስ ብለው ይዞራሉ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሐሚድ ዞሩ። ሴትዮዋ እየተከተለች ትነግረኛለች።

«መኪናው ሲጮህ ሰምተህ ነበር?»

«ሰምቻለሁ።»

«ለምን ዝም አልክ?»

«በዕድሜ እናቴ ናት። ጆሮሽ አይሰማም ልበላት?»

«እናትህ ብትሆን ኖሮስ አትነግራትም ነበር?»

ሐጃ አንድ ነገር ብቻ አስማሉት፦ የእነሱ ጭነት ላይ ሳለ፣ ሰውየው ሽማግሌም ይሁን ሹም፣ የሰማውን እንዲናገር። ማለ። ከዚያ ተነሡና ዘንጋቸውን ይዘው ወደ ዛፎቹ አመለከቱ። ሴቶቹ ቅርጫት አነሡ። እኔንም አንድ ቅርጫት አስያዙኝ፤ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ስለቅም ዋልኩ።

ስንመለስ መኪናው እስከ አፉ ሞልቶ ነበር። አቧራው በፀሐይ ወርቅ መስሎ ከኋላችን ይነሣል፤ መንገዱ ይወዛወዛል፤ እኔ ልተኛ ምንም አልቀረኝ። ባምባሲን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ሐሚድ ጉሮሮውን ጠረገ። አንዴ አየኝ፣ መንገዱን አየ፣ እንደገና አየኝ።

«እናቴ፣ በስተኋላ በቀኝ ጎማው አንድ ነገር ይንጫጫል። ቆይቷል። አንቺ አይሰማሽም።»

«አይሰማኝም» አልኩት። «አቁም፣ ወርደህ እየው።»

ዳር ይዞ አቆመ። በሩን ከፍቶ ወረደ፣ ዞሮ ጎማው ሥር ተንበረከከ። ሠላሳ ዓመት ቀድሜ የምወርደው እኔ ነበርኩ፤ ያን ቀን ግን ከመቀመጫዬ አልተነሣሁም።